ያልገባው ኳስ ለማን ይቈጠራል?

ሰው ባደረገው ነገር ይመሰገናል ወይም ይወቀሳል። ይህ ለሁላችንም ግልጽ ነው። ነገር ግን አንድ ክፉ ነገር ሳይሆን ስለ ቀረ ምስጋና የሚገባው ሰው አለን? ካለስ፣ ያልሆነ ነገር በዐይን አይታይምና፣ ምስክሩ ማን ይሆናል? ጥያቄው የትልልቅ መጻሕፍት ጥያቄ ይመስላል። ሆኖም በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ በየሰፈሩ ሜዳ ላይ ሲነሣ እናየዋለን፤ ስለዚህ እኔም በአንድ ሙያ በኩል ልመረምረው ወድጃለሁ፤ ይኸውም በበረኛ ሙያ ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ። በዚያ ዕለት፣ ዛሬ አዲስ አበባ ስታዲየም በምንለው፣ ያን ጊዜ ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራበት በነበረው ሜዳ፣ ኢትዮጵያ ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ተጋጠመች። ግብፅ በዚያ ዘመን የተባበረው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር፤ ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለት ዋንጫዎችም ሁለቱንም የወሰደችው እርስዋ ነበረች። የጨዋታው መዝገብ እንዲህ ይነበባል። በ35ኛው ደቂቃ በደዊ ለግብፅ አገባ። በ74ኛው ግርማ አቻ አደረገ። አንድ ደቂቃ ሳይቆይ፣ በ75ኛው፣ በደዊ እንደገና አገባ። በ84ኛው ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገና ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ። በ101ኛው የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ፣ በ117ኛው ደግሞ መንግሥቱ ወርቁ አገቡ። 4 ለ 2። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ይህን ታሪክ ከአባቶቻችን ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ ጥቂት ነው። የመንግሥቱ ወርቁ ስም ይጠራል፤ የቫሳሎ ወንድማማቾች ስም ይጠራል፤ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆኑት የአቶ ይድነቃቸው ተሰማም ስም ይጠራል። በረኛው ማን ነበር? ብላችሁ ግን ብትጠይቁ፣ ብዙ ሰው ጥቂት ያስብና «ቈይ እስቲ...» ይላል። ጊላሚካኤል ተክለማርያም ይባላል።

አሁን መዝገቡን እንደገና እንመልከት። ከ101ኛው ደቂቃ እስከ 117ኛው ደቂቃ ድረስ 16 ደቂቃ አለ። በእነዚህ 16 ደቂቃዎች ኢትዮጵያ 3 ለ 2 እየመራች ነበር፤ የሁለት ዋንጫ ባለቤት የሆነ ቡድን ግን አንድ ኳስ ብቻ ቢያገባ ሁሉም ነገር እንደገና እኩል ይሆን ነበር። መዝገቡ ስለ እነዚህ ደቂቃዎች ምን ይላል? ምንም አይልም። ባዶ ነው። ይህ ባዶነት ደግሞ የበረኛው ሥራ ነው፤ የተከላካዮቹም ጭምር። ያገባው ሰው ሥራ ከነደቂቃው ይጻፋል፤ ጠብቆ የዋለው ሰው ሥራ የሚጻፈው በባዶ ወረቀት ነው። የበረኛ ስም በመዝገብ ላይ በጉልህ የሚታየው ሲገባበት ነው።

በዚህ ነገር እግር ኳስ ብቻውን አይደለም። እንግሊዞች ክሪኬት የሚሉት ጨዋታ አላቸው። አንዱ ተጫዋች ኳስ ይወረውራል፤ ሁለተኛው ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች ፊት ቆሞ በዱላ ይመልሳል። ከእንጨቶቹ ኋላ ደግሞ ጓንት ያጠለቀ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል፤ ያለፈውን ኳስ ሁሉ የሚቀበል እርሱ ነው። ጨዋታው ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ስለሚችል ይህ ሰው በመቶ የሚቈጠር ጊዜ ቁጢጥ ብድግ ይላል። በውጤት ወረቀቱ ላይ፣ ዱላውም ጓንቱም ሳይነኩት አልፎ ነጥብ ያስቈጠረ ኳስ የሚጻፍበት የራሱ መስመር አለው። ጓንት ውስጥ ገብቶ የቀረው ኳስ ግን የሚጻፍበት መስመር የለውም። በዚያ አገር ለትልቁ ውድድር ያልበቁ አውራጃዎች እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ የራሳቸው ውድድር ነበራቸው፤ ለረጅም ዘመንም «የአነስተኛ አውራጃዎች» ውድድር ይባል ነበር። በዚያ ከተጫወቱት የሚበዙት ሌላ እንጀራ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል የእንጨት ጠባቂ የነበረውን ሰው አስቡት፤ በሁለተኛው ደረጃ ውድድር፣ ከሁሉ ኋላ ቆሞ፣ መስመር የሌለውን ሥራ እየሠራ ዕድሜውን የጨረሰ። ይህ ሰው ምን ሠራ እንላለን?

ከሩቅ አገር ይልቅ ግን የእኛ መንደር ይበልጥ ያስተምራል። በልደታም ሆነ በሌላ ሰፈር ልጆች ኳስ ሲጫወቱ በረኛ የሚሆነው ማን ነው? ሁለት ድንጋይ ይቀመጣል፤ ጎል ሆነ። ከዚያ ጉልበት ያለው «እኔ አጥቂ!» ይላል፤ ብልጡ መሐል ይገባል፤ መጨረሻ ላይ የቀረው ትንሹ ወይም ወፍራሙ «አንተ በረኛ ሁን» ይባላል። መረብ ስለሌለ የገባበትን ኳስ ቦይ ውስጥ ገብቶ የሚያወጣውም እርሱ ነው። አግዳሚም ስለሌለ «ላይ ነው!» «ገባ!» የሚለው ክርክር የሚወድቀው በእርሱ ቁመት ላይ ነው። (አጭር በረኛ ያለው ቡድን በክርክር ብዙ ጊዜ ይረታል፤ ይህን የሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቃል።) ስለዚህ ገና ከልጅነታችን መጠበቅን የምናውቀው ለሌላ የማይሆን ሰው የሚመደብበት ሥራ አድርገን ነው። አድገንም አስተሳሰባችን ብዙ አይለወጥም። በአንድ ማኅበር ውስጥ ገንዘብ ያዥ የሆነ ሰው ዐሥር ዓመት ሙሉ አንዲት ሳንቲም ሳታጐድል ቢይዝ፣ በዐሥር ዓመቱ መጨረሻ ተነሥቶ የሚያጨበጭብለት የለም። አንድ ቀን ሃያ ብር ቢጐድል ግን ስብሰባ ይጠራል።

እንግዲህ ነገሩ እስከዚህ ድረስ ቀላል ይመስላል። ጠባቂዎችን እናመስግን ብለን መጨረስ እንችል ነበር። ነገር ግን አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ እርሱን ዘለን ብንሄድ እውነተኛ መርማሪዎች አንባልም።

ተቃውሞው ይህ ነው። ያልሆነ ነገር የማይታይ ከሆነ፣ ማንም ተነሥቶ «እኔ ነኝ የከለከልሁት» ሊል ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያንቀላፋ ያደረ ዘበኛ ጠዋት ተነሥቶ «ይኸው፣ ምንም አልተሰረቀም» ቢል በምን እናስተባብለዋለን? ሌባ ሳይመጣ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በረኛም እንዲሁ ነው። መረቡን ሳያስደፍር የወጣ በረኛ ምናልባት ኳስ የሚባል ነገር ወደ እርሱ ሳይደርስ ውሎ ይሆናል። ስለዚህ ውጤቱን ብቻ አይቶ ማመስገን ሰነፉን ከትጉው ጋር አንድ ማድረግ ነው። ትጉውን መበደል ደግሞ በወቀሳ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ሰነፉን እኩል በማመስገንም ይደረጋል።

መልሱ ያለው፣ በእኔ አስተያየት፣ በበረኛው አቋቋም ላይ ነው። የጎሉ ስፋት ከቋሚ እስከ ቋሚ 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ44 ነው። ይህን ሁሉ ቦታ አንድ ሰው በክንዱ ሊሸፍን አይችልም። ሙያውን የሚያውቅ በረኛ ግን ከኳሱ እስከ ጎሉ መሐል በዐሳቡ መስመር ይዘረጋና በዚያ መስመር ላይ ይቆማል፤ ኳሱ ሲንቀሳቀስ እርሱም በትናንሽ እርምጃ ይንቀሳቀሳል። አጥቂው ሲቀርብ ጥቂት ወደ ፊት ይወጣል፤ በዚህን ጊዜ ለአጥቂው የሚታየው የጎል ክፍል ይጠባል። እንዲህ ከቆመ በኋላ ኳሱ ሲመታ ብዙ ጊዜ ደረቱ ላይ ይመጣል። ተመልካቹ ታዲያ ምን ይላል? «በረኛው ላይ መታበት!» ይላል፤ ጥፋቱን ለአጥቂው ይሰጣል። ሥራው የተሠራው ኳሱ ከመመታቱ ሦስት ሰከንድ በፊት መሆኑን ያየ የለም።

በአንጻሩ ደግሞ በስሕተት ቦታ ላይ ቆሞ የነበረ በረኛ ኳሱ ወደ ማዕዘኑ ሲሄድበት በአየር ላይ ይበራል፤ በጣቱ ጫፍ ይነካና ያወጣዋል። ሕዝቡ ከመቀመጫው ይነሣል፤ ፎቶግራፍ አንሺው ያነሣል። ያ መብረር የሚደነቅ መሆኑን አልክድም፤ አንዳንድ ኳስም ያለ መብረር አይያዝም። ነገር ግን ከሚደነቁት በረራዎች ስንቱ ቀድሞ በተሠራ ስሕተት ምክንያት የመጣ ይሆን? በደንብ የቆመው ሳይበር ያዳነውን፣ ክፉ የቆመው በርሮ ሲያድነው ጭብጨባው ለሁለተኛው ነው። እዚህ ላይ የምናመሰግነው ጥበቃውን አይደለም፤ ድንጋጤያችንን ነው ማለት ይቻላል።

የድምፅም ነገር አለ። ከሜዳው ሁሉ ጨዋታውን ሙሉ በሙሉ ከፊቱ የሚያይ በረኛ ብቻ ነው። «ግራህን!» «ሰው አለ!» «ልቀቀው፣ የኔ ነው!» እያለ ተከላካዮቹን ያንቀሳቅሳል። በዚህ ጩኸት የተነሣ ሳይመታ የቀረ ኳስ፣ ሳይጀመር የቀረ ጥቃት ስንት ነው? እነዚህን የሚቈጥር ሰው አላየሁም። ከሜዳው አጠገብ የቆመ ሰው ግን ሊሰማቸው ይችላል።

ስለዚህ ለተቃውሞው የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ያልሆነው ነገር ባይታይም የሚጠብቀው ሰው ይታያል። የተኛውን ዘበኛና የነቃውን ዘበኛ በጠዋቱ ዕቃ ቈጠራ መለየት አይቻልም፤ በሌሊት ሄዶ ለሚያይ ግን ይለያሉ። ችግሩ ሁላችንም ዐይናችን ከኳሱ ጋር መሄዱ ነው። ኳሱን ለአምስት ደቂቃ ትቶ በረኛውን ብቻ ለማየት የሞከረ ሰው ካለ እንዴት ከባድ እንደ ሆነ ያውቃል። ራስ ወዲያው ወደ ኳሱ ይዞራል።

ይህ ስሕተታችን በረኞቹን ራሳቸውን ሳይቀር ያበላሻቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት 286 የፍፁም ቅጣት ምቶችን መርምሮ ነበር። በረኞቹ ከመቶው ወደ 94 በሚሆነው ጊዜ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ተወርውረዋል። ተመራማሪዎቹ ሲያሰሉ ግን መሐል ላይ ጸንተው ቢቆሙ የማዳን ዕድላቸው ይበልጥ ነበር። ታዲያ ለምን ይወረወራሉ? ተመራማሪዎቹ እንዳስረዱት፣ ተወርውሮ የገባበት በረኛ «ሞክሮ ነበር» ይባላል፤ ቆሞ የገባበት ግን «ዐይኑ እያየ» ይባላል። ሁለቱም እኩል አንድ ጎል ነው የገባባቸው። በረኛው የተመልካቹን ምላስ ስለ ፈራ ለቡድኑ የማይጠቅመውን ነገር ይመርጣል ማለት ነው። ወጣቶች ሆይ፤ ይህ ነገር በሜዳ ብቻ የሚቀር ይመስላችኋልን? አንድ ኀላፊ መታገሥ ሲገባው፣ አልሠራም እንዳይባል ብሎ የሚያደርገውን ስንት ነገር አይተናል!

ይህን ስናነሣ፣ ብዙዎቻችን በየቀኑ የምናልፍበትን የሜክሲኮን አደባባይ ማስታወስ ይገባል። ቀላል ባቡሩ ከተሠራ ወዲህ አደባባዩ የድሮ መልኩ ባይኖረውም ስሙ ቀርቷል። ስሙ የተሰጠው ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ስለ ነበረ ነው። በሜክሲኮም ዋና ከተማ በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለ። ሜክሲኮ ጦር አልላከችም፤ ያደረገችው ነገር አለማድረግ ነው፤ ሌሎች የፈረሙትን አለመፈረም። እንግዲህ አለማድረግም የሚታወስበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። የሜክሲኮ እንቢታ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በቃል የተነገረ ነበር፤ ሰሚ ነበረው። የጠባቂ ሥራ ግን የሚነገርበት ሸንጎ የለውም። ስለ ሜክሲኮ አደባባይ ሰየምን፤ ስለ 16ቱ ደቂቃዎች የሰየምነው ነገር የለም።

ስለ ወቀሳው ደግሞ እንነጋገር፤ ምስጋና መቅረቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ይህን ያህል ባልከበደ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1950 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ብራዚል ከኡራጓይ ጋር የዓለምን ዋንጫ የሚወስን ጨዋታ ተጫወተች። የብራዚል በረኛ ሞአሲር ባርቦሳ ይባል ነበር፤ በዘመኑ ከታወቁት ደገኛ በረኞች አንዱ ነው። ብራዚል አቻ ብትወጣ እንኳ ዋንጫው የእርስዋ ነበር። የኡራጓይ የመጀመሪያ ጎል የመጣው ጊጂያ የተባለው ተጫዋች በቀኝ መስመር ገብቶ ወደ መሐል ባሻማው ኳስ ነበር። 79ኛው ደቂቃ ላይ ያው ጊጂያ በዚያው መስመር እንደገና መጣ። ባርቦሳ እንደ ፊተኛው ያሻማል ብሎ አንድ እርምጃ ያህል ወደ መሐል አለ። ጊጂያ ግን በቀጥታ መታ፤ ኳሱ በባርቦሳና በቅርቡ ቋሚ መካከል ገባ። 2 ለ 1። ባርቦሳ እ.ኤ.አ. በ2000 እስኪሞት ድረስ ኀምሳ ዓመት ያህል የዚያ ኳስ ወቀሳ ተከተለው። በአገሩ ሕግ ትልቁ እስራት 30 ዓመት ሲሆን እርሱ ግን ባልሠራው ወንጀል 50 ዓመት እንደ ታሰረ በምሬት መናገሩ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ጥያቄው ሰው የሚፈረድበት በምን ነው? የሚል ይሆናል። በውጤቱ ነው ወይስ በዚያች ሰዓት በነበረው ማስተዋል? ባርቦሳ አሰበ፤ ያሰበውም አላዋቂ የሚያስበውን አይደለም። አንድ ጊዜ የሆነውን አይቶ ሁለተኛውን ገመተ። ጊጂያ ቢያሻማ ኖሮ ያቺው አንዲት እርምጃ «እንዴት ያለ አስተዋይ በረኛ!» ታሰኝ ነበር። እርምጃዋ አንድ ናት፤ ፍርዱ ግን በሌላ ሰው እግር ላይ ተንጠለጠለ። ጎል ከገባ በኋላ «መውጣት አልነበረበትም» ማለት ለማንም አይከብድም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና። ይህን የምለው በረኛ አይሳሳትም ለማለት አይደለም። ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ይነገረው፤ የሚነገረው ግን የት ቆሞ እንደ ነበረና ምን ሊያይ ይችል እንደ ነበረ በተረዳ ሰው ቢሆን ይገባል። እንዲህ ያለ ወቃሽ ሲገኝ በረኛው ራሱ ያመሰግነዋል።

ከጥር 13 ቀን 1954 በኋላ ልክ በ51 ዓመቱ፣ በዚያችው ጥር 13፣ በ2005 ዓ.ም. ሌላ ጨዋታ ተደረገ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅታ በደቡብ አፍሪካ፣ በኔልስፕሩት ከተማ፣ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር ተጋጠመች። ያንን ቀን ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። በመጀመሪያ ፍፁም ቅጣት ምት አገኘን፤ ሳላዲን ሰይድ የመታውን የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዊኔ አዳነው። (ምዊኔን ያን ዕለት ማን አመሰገነው? እኛስ ለሳላዲን ብቻ ነበር ያዘንነው።) ከዚያም በ36ኛው ደቂቃ ገደማ የእኛ በረኛ ጀማል ጣሰው ኳስ ለማስጣል ከክልሉ ወጥቶ ከዛምቢያ ተጫዋች ጋር ተጋጨና ቀይ ካርድ ታየበት።

በረኛ ከጎሉ መውጣት አለበት ብለናል። መቼ እንደሚወጣ ግን የሚነግረው ደወል የለም። ቢወጣ ይህ ይደርሳል፤ ባይወጣ «ለምን አልወጣህም» ይባላል። ለመወሰን ያለው ጊዜ ደግሞ አንድ ሰከንድ ቢሆን ነው። ቀይ ካርዱ ተገቢ ነበር አልነበረም የሚለውን ለዳኞች እተወዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አንድ የሜዳ ተጫዋች ያለ ጥፋቱ ወጣ፤ በእርሱ ቦታ ከተጠባባቂ ወንበር ዘሪሁን ታደለ ተነሥቶ ጓንቱን አጠለቀ።

አማርኛችን እዚህ ላይ አንድ ምስጢር አለው። «ጠበቀ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው፤ ሰው መጥቶ እንዳይወስድ ጠበቀ፣ ደግሞም ጊዜው እስኪደርስ ጠበቀ። ጠባቂና ተጠባባቂ የአንድ ቃል ልጆች ናቸው። (ፍርድ ቤት የሚቆምልን ጠበቃም ከዚያው ዘር ነው።) ሁለተኛ በረኛ የሆነ ሰው ሁለቱንም በአንድ ላይ የተሸከመ ሰው ነው። አጥቂ ተጠባባቂ ቢሆን በየሳምንቱ ተቀይሮ የመግባት ተስፋ አለው፤ አሠልጣኝ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም አጥቂ ይቀይራል። በረኛ ግን እንዲሁ አይቀየርም። ሁለተኛው በረኛ የሚገባው የመጀመሪያው ሲጐዳ ወይም ሲባረር ነው፤ ማለት የእርሱ ዕድል የሚከፈተው በወንድሙ ክፉ ቀን ነው። ስለዚህ በወንበር ላይ ተቀምጦ ምን መመኘት አለበት? ልግባ ብሎ ቢመኝ በባልንጀራው ላይ ክፉ መመኘት ሊሆንበት ነው፤ አልግባ ብሎ ቢመኝ ደግሞ ሲጠራ ዝግጁ አይሆንም። ይህ የሕሊና ፈተና ቀላል አይመስለኝም። ልምምዱን ግን እንደ መጀመሪያው እኩል ይሠራል። ጠዋት ይነሣል፤ ጭቃ ላይ ይወድቃል፤ እጁ ይላጣል፤ ቅዳሜ ሲደርስ ልብሱን ለብሶ ይቀመጣል። ሳይጠራ ሰባት ስምንት ዓመት የሚያልፍበት ሁለተኛ በረኛ ቢኖር፣ ያ ሰው ዕድሜውን አባከነ ትላላችሁን?

እኔ አላባከነም እላለሁ፤ ምክንያቴንም ልናገር። የመጀመሪያው በረኛ ደፍሮ ከጎሉ የሚወጣው ከኋላው ሰው እንዳለ ስለሚያውቅ ጭምር ነው። አሠልጣኙ ሌሊት የሚተኛው ወንበሩ ባዶ ስላልሆነ ነው። የተጠባባቂው ሥራ የሚጀምረው ሲጠራ ነው ብለን ካሰብን ያን ሁሉ ዓመት ሥራ ፈት አድርገን እንቈጥረዋለን፤ ሥራው ዝግጁነቱ ራሱ ነው ካልን ግን አንድም ቀን ሥራ አልፈታም። በዚህ አሳብ የማይስማማ ጓደኛ አለኝ፤ «ያልተቀጣጠለ ክብሪት ክብሪት መሆኑን በምን ታውቃለህ?» ይለኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ሰው ክብሪት ነው ብዬ አላምንም። ክብሪት አይለማመድም።

ዘሪሁን በገባ ጊዜ ቡድኑ ዐሥር ሰው ሆኖ ነበር፤ ገና ከ50 ደቂቃ በላይ ይቀራል፤ ፊት ለፊት የአፍሪካ ሻምፒዮን አለ። ከዕረፍት በፊት ኮሊንስ ምቤሱማ አገባበት። ከዚያ ወዲህ ግን መረቡ አልተደፈረም። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ፤ 1 ለ 1 ተፈጸመ። በማግስቱ ስሙ የሚጠራው የአዳነ ነበር፤ ይገባዋልም። በዚያው ውድድር ቀጥሎ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 4 ለ 0፣ ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በናይጄሪያው ጨዋታ የቆመው ሦስተኛው በረኛ ሲሳይ ባንጫ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እርሱም ተባረረ፤ የቅያሪ ቁጥራችን አልቆ ስለ ነበር አንድ የሜዳ ተጫዋች ጓንት አጥልቆ ጎሉ ውስጥ ቆመ። በሦስት ጨዋታ ሦስቱም በረኞቻችን ተሰለፉ፤ ወንበሩ ላይ የቀረ አልነበረም።

ስለ ጊላሚካኤል የጀመርሁትን ልጨርስ። በሁለቱ የ1954 ጨዋታዎች፣ ከቱኒዚያም ከግብፅም ጋር፣ ውጤቱ 4 ለ 2 ነበር። ሁለት ሁለት ገብቶበታል፤ ይህ በመዝገብ አለ። መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አራተኛውን ሲያገባ ስታዲየሙ እንዴት እንደ ሆነ በዚያ የነበሩ አባቶች እስካሁን ይተርካሉ። ጨዋታው ግን አላለቀም ነበር፤ 120 እስኪሞላ ሦስት ደቂቃ ይቀራል። ሕዝቡ ወደ መንግሥቱ እየተመለከተ፣ ኳሱ ደግሞ መሐል ሜዳ ላይ ተቀምጦ፣ ግብፆች እንደገና ሊጀምሩ ነው። በረኛውም ቦታው ላይ መቆም አለበት።